አልቃሽ የተባለችው ፒካፕ

ብሳና ሜዳ ያላደገ ሰው ሲሰማው ግራ የሚገባው አንድ አባባል አለን። ሽማግሌ ሲያስታርቅ ይለዋል፤ ሴት ልጇን የምትድር እናት ትለዋለች። አፉ አላርፍ ያለ፣ ለችግር ግን ቀድሞ የሚደርስ ጎረቤት ሲታማም አንዱ መሃል ገብቶ ይህንኑ ይጠራና ሐሜቱን ያቆመዋል። ልጆቻችን ከጥንት አባቶች የወረደ ቃል ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ቃሉ ሲወለድ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ የተናገረችውን ሴት ቀሚስ የምሰፋውም እኔ ነበርኩ። መነሻው ንጉሥም አይደለም፣ ጠቢብም አይደለም። ፒካፕ መኪና ነው።

ያኔ አስፋልት የሚባል ነገር አናውቅም። ከተማችን ከተራራው ግርጌ፣ ከቆላው ጫፍ ላይ ናት፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ደጋው ላይ ነው። በመሃል እንዶድ ዳገት አለ፤ በበጋ ኮረቱ የሚንከባለል፣ በክረምት ጭቃው የሚያንሸራትት፣ ኩርባው የማያልቅ መንገድ። ጫፉን እፎይ በር እንለዋለን፤ እዚያ የደረሰ ሁሉ እፎይ ስለሚል። የልብስ ስፌት ሱቄ አደባባዩ ዳር ስለነበረች ከስፌት መኪናዬ ቀና ባልኩ ቁጥር ዳገቱ ከግርጌው እስከ ጫፉ ይታየኝ ነበር።

በከተማው አንዲት ፒካፕ ነበረች፤ የጋሽ ድልነሳሁ። ሰማያዊ ነበረች ይባላል፤ እኔ ሳውቃት ግን ስለ ቀለሟ ለመናገር ምስክር ያስፈልግ ነበር። ሞተሯ ናፍጣ ነው። ስትነሳ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ የሚዘንብ ይመስላል። ማሽላ ወደ ደጋ ታወጣለች፣ ገብስና ባቄላ ወደ ቆላ ታወርዳለች፤ ሰው ሲሞት ደግሞ አስከሬን ትሸኛለች። ጋሽ ድልነሳሁ ዕድሩ ሲጠራው እምቢ ብሎ አያውቅም። ከቀብር የማትቀር፣ ድምፅዋም የማያርፍ ስለሆነች «አልቃሽ» አልናት። አሁን ያ ድምፅ በጆሮዬ ሲመጣ ሆዴ ይባባል፤ ያኔ ግን ሁላችንም እናማርር ነበር።

እውነተኛዋ የከተማው አልቃሽ እትዬ ዘነቡ ናት። ሙሾ ስታወርድ ሟቹን ከልጅነቱ ጀምራ በግጥም ታነሳዋለች፤ ቸርነቱን አትረሳም፣ ንፍገቱንም አትምርም። ብዙ ሰው «ዘነቡ ምን ትለኝ ይሆን?» እያለ ጠባዩን ያሳምር ነበር። በእኛ ዘንድ አስከሬኑ ፒካፕ ላይ ሆኖ መኪናዋ በሰው እርምጃ ትሄዳለች። እትዬ ዘነቡ እጇን መኪናዋ ጎን ላይ አሳርፋ እየተራመደች ግጥሙን ታወርዳለች፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ በእንባ ይቀበላል።

መሪጌታ ልሳነወርቅ ያረፉ ዕለት ግን ነገር ተበላሸ። እትዬ ዘነቡ ለእርሳቸው የሚመጥን ግጥም ስታወጣና ስታወርድ ነበር የሰነበተችው። ቤተክርስቲያኑ ደጃፍ ደርሳ አፏን ስትከፍት ጋሽ ድልነሳሁ ማርሽ ቀየረ፤ አልቃሽም አጓራች። ጭሱ ሸፈነን። የእትዬ ዘነቡን ከንፈር እናያለን እንጂ ቃሏን አንሰማም፤ ሕዝቡ የት ላይ ማልቀስ እንዳለበት ጠፋው። የሟች ቤተሰብ «አባታችን ያለ ሙሾ ተቀበሩ» ብሎ አዘነ። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ እትዬ ዘነቡ ተነስታ፣ ከዚህች መኪና ጋር ሁለተኛ አንድ ቀብር ላይ እንደማትቆም፣ ወይ እሷን ወይ መኪናዋን እንድንመርጥ ነገረችን። ጋሽ ድልነሳሁ አቀርቅሮ ባርኔጣውን ያዟዙር ነበር።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ይፍሩ ዕድሩ የራሱን ጸጥ ያለ ፒካፕ እንዲገዛ ወሰነ። በወታደርነቱ ዘመን መኪና ስለነዳ መራጩም እሱ ሆነ። እኔም ለድንኳኑ ሸራ ልገዛ አብሬው አዲስ አበባ ወረድኩ።

የመኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ ሁለት ነጫጭ ፒካፖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ መልካቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ። ጋሽ ይፍሩ መንታ ናቸው ወይ ብሎ ቢጠይቅ ደላላው ሳቀ።

«የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ወደየአገሩ የተዳሩ» አለ። «ይችኛዋ የተሠራችው ለአረብ አገር ነው። እዚያ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ቤንዚኑም እንደ ልብ ነው፤ ስለዚህ የቤንዚን ሞተር ሰጥተው ፈጣን አደረጓት። ያችኛዋ ጭነትና ዳገት ለበዛበት አገር የተሠራች ናት። ናፍጣ ናት፣ ትንጫጫለች፣ ግን ትጎትታለች። ወደ አሜሪካ የሚልኳት ደግሞ ሌላ ሞተር አላት። ለምን ሥራ ነው የፈለጋችኋት?»

«ለቀብር» አለ ጋሽ ይፍሩ።

ጋሽ ይፍሩ ሁለቱንም አስነስቶ ወደ እኔ ዞረና በመኪኖቹ ጎን እየተራመድኩ ሙሾ እንዳወርድ አዘዘኝ።

«ማንን ላልቅስ?» አልኩት።

«አባትህን።»

«አባቴ በሕይወት አለ።»

«እንግዲያው እኔን አልቅሰኝ» አለና ጆሮውን አቀና።

ምን አደርጋለሁ፤ አለቀስኩት።

ጋሽ ይፍሩ ጌታው፣ የዕድራችን ዳኛ፣
ማን ይሰብስበን ዛሬ፣ አንተ ስትተኛ።

በናፍጣዋ አጠገብ ስለው «ምን አልክ?» አለኝ። በቤንዚኗ አጠገብ ስደግመው ግን ቃሉ ሁሉ ገባውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። የሚፈልጋትን አገኘ። ደላላው ግን፣ ሐቁን ልናገርና፣ ዝም ብሎ አልሸጠልንም፤ ዳገት አለባችሁ ወይ ብሎ ደጋግሞ ጠየቀን። ጋሽ ይፍሩ ከየቤቱ እስከ ቤተክርስቲያኑ ያለው መንገድ ሜዳ ነው አለ። አልዋሸም። ሙት ዳገት አይወጣም፤ የረሳው እኛን፣ በሕይወት ያለነውን ነበር።

ነጯ ፒካፕ ብሳና ሜዳ ስትገባ ሰው ሁሉ ወጥቶ ዳሰሳት። መምጣቷን በዓይን ካላዩ በጆሮ አያውቁትም። ጋሽ ድልነሳሁም መጥቶ መስታወቷ ላይ ያረፈውን አቧራ በእጅጌው ጠረገላትና «ታምራለች» አለ። ከዚያ ወዲያ ወደ ማሽላው ተመለሰ። ለቅሶ ቤት አጠገብ ሲያልፍ የአልቃሽን ሞተር አጥፍቶ በያዘችው ፍጥነት ያንሸራትታት ነበር፤ ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር። እትዬ ዘነቡ ግን ግጥሟ ጠብ ሳይል ስለተሰማላት ደስ አላት።

ነሐሴ ላይ የእትዬ ዘነቡን አንድያ ልጅ የሻረግን ምጥ ያዛት። ሌሊቱን ስታምጥ አድራ ጠዋት የጤና ጣቢያው ነርስ ሕፃኑ በአግድም እንደመጣ፣ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱም እንደማይተርፉ ነገረቻቸው። ጋሽ ይፍሩ ነጯን ፒካፕ አስነሳ። እኛ ደግሞ ምጥ የያዛትን ሴት ብቻዋን አንልክም። ነርሷ ወጣች፣ አክስት ወጣች፣ የክርስትና እናት ወጣች፣ ጎረቤት ወጣ፤ አንዷ የገንፎ ዱቄት፣ ሌላዋ ጃንጥላ ይዛለች። ደግነታችን ወሰን ስለሌለው ቦታው እስኪሞላ ተሳፈርን፤ እኔ ብቻ ቦታ አጥቼ ቀረሁ።

ስፌቴን ትቼ ዳገቱን ማየት ጀመርኩ። ነጯ የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች አለፈች። ወደ መሃል ስትደርስ ዘገመች፣ ከዚያ ቆመች። እንፋሎት ከፊቷ ሲወጣ፣ ሰዎች ወርደው ሲገፏት አየሁ። አልነቃነቅ አለች። ጋሽ ድልነሳሁ ማሽላ ወደሚጭንበት ወፍጮ ቤት ሮጥኩ። እሱም በሩ ላይ ቆሞ ሽቅብ እያየ ነው፤ ቁልፉ በእጁ ነው።

«እትዬ ዘነቡ ድምፅዋን ስትሰማ ታዝንብኝ ይሆን?» አለኝ።

«እባክህ ንዳት» አልኩትና ዘልዬ ገባሁ።

ላይ የሆነውን እትዬ ዘነቡ ራሷ ኋላ አጫውታኛለች። ያች ጸጥተኛ መኪና ዳገቱ ሲከብዳት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች፤ ውኃዋ ፈላና ጠፋች። ጋሽ ይፍሩ ለየሻረግ የተያዘውን ውኃ ሳይቀር ቢያፈስባትም አልተነሳችም። የሻረግም መጮኋን ተወች። «ስትጮህ ተስፋ ነበረኝ» አለችኝ እትዬ ዘነቡ፤ «ዝም ስትል ግን ስንቱን የቀበርኩ ሴት ለልጄ አንድ ግጥም ከአፌ አልወጣ አለኝ።» ሁሉም ጸጥ ባለበት፣ ከታች ከከተማው በኩል ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ሲዘንብ ተሰማት። በዕድሜዋ እንደዚያ የጣፈጣት ዜማ የለም።

ስንደርስ የሻረግን ከነፍራሿ አንስተን አዛወርናት። ነርሷ ከጎኗ ሆነች፤ ጋሽ ይፍሩ ሌላውን ሕዝብ ክንዱን ዘርግቶ አስቀረው። እትዬ ዘነቡ የአልቃሽን ጎን በሁለት እጇ ጨብጣ «ጩሂ የኔ እናት፣ ጩሂ» ትላት ነበር። ጋሽ ድልነሳሁ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ጭሱ ዓይናችንን አቃጠለው፣ ጥርሳችን ተንገጫገጨ፣ አልቃሽ ግን አንድም ጊዜ ሳትቆም ወጣች። እፎይ በር ስንደርስ እፎይ ያለ አልነበረም። እፎይ ያልነው ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሙ ወጥቶ ሴት ልጅ መወለዷንና እናቷም ደህና መሆኗን ሲነግረን ነው። ጋሽ ድልነሳሁ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ፣ ጭሱ ነው እያለ ዓይኑን ጠረገ።

ነጯን አልሸጥናትም። ለሜዳው ተስማምታ ሙታንን በጸጥታ ሸኘች፤ በሕይወት ያለው ሁሉ ግን በአልቃሽ ይወጣ ነበር። ዛሬ እንዶድ ዳገት አስፋልት ለብሷል፤ አምቡላንስ አለ፣ መኪናው ሁሉ ሳይሰማ ያልፋል። እኔ ግን ጠዋት ስነቃ ያ ጩኸት ይናፍቀኛል። ያኔ እሱን ስሰማ፣ ከተማው ውስጥ የጨነቀው ሰው ቢኖር መውጫ እንዳለው አውቅ ነበር።

የየሻረግ ልጅ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት ጋሽ ድልነሳሁ አረፈ። ቤተሰቡ ነጯን ፒካፕ ሲያዘጋጅ እትዬ ዘነቡ አስቆመቻቸው፤ እሱን የምትሸኘው አልቃሽ ናት አለች። ጋሽ ይፍሩ ራሱ መሪውን ያዘ። አልቃሽ እያጓራች በሰው እርምጃ ሄደች። እትዬ ዘነቡ የልጅ ልጇን ይዛ፣ እጇን የአልቃሽ ጎን ላይ አሳርፋ ተራመደች፤ ሕዝቡ ጆሮውን አቅንቶ ጠበቃት። ከቤት እስከ ቤተክርስቲያን ደጃፍ አንዲት ስንኝ አላወጣችም። ለጋሽ ድልነሳሁ ሙሾውን ሁሉ ለመኪናዋ ለቀቀችላት። እኛም የት ላይ ማልቀስ እንዳለብን አልጠፋንም።

ከአዲስ አበባ ለቀብሩ የመጣ አንድ ዘመድ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። ወደ እትዬ ዘነቡ ጠጋ ብሎ፣ ያች ጸጥ ያለች ነጭ መኪና እያለች ይህ ሁሉ ጩኸት ለምን እንዳስፈለገ፣ የእርሷም ሙሾ ለምን እንደቀረ ጠየቃት።

እትዬ ዘነቡ የዛፍ ጥላ ሥር የቆመችውን ነጯን አየቻት፤ ቀና ብላ እንዶድ ዳገትን አየችው፤ ከዚያ መዳፏን የልጅ ልጇ ራስ ላይ አሳረፈችና እንዲህ አለችው፦ «ልጄ፣ ዝም ያለው ያምራል፣ የጮኸው ያደርሳል።»