የዳምጤ ጂንስና ድልድዩን የዘጋችው አህያ

«ነበር» በሉኝ፤ «ነበር» ካላላችሁኝ ክሩ መርፌው ውስጥ አይገባልኝም። አላችሁ? እንግዲያው ስሙኝ።

ዳምጤ የሚባል አናጢ ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ እጁ ግን አጭር። ይህ ዳምጤ እናንዬ የምትባል ልጅ ወደደና ሽማግሌ ላከ። የልጅቷም ቤተሰቦች፣ «አጎቷ አቶ ቢያድግልኝ ቅዳሜ በስድስት ሰዓቱ አውቶብስ ይምጡና ልጁን ይዩት። እሳቸው እሺ ካሉ እሺ ነው፤ እምቢ ካሉ ግን በቃ፣ ደግመን አንነጋገርም» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳምጤ ጂንሱን ለበሰ። ጉልበቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ተንበርክኮ ሳንቃ ሲልግ የሚውል ሰው ሱሪ ከዚህ ወዲያ ምን ይሆናል? «እሱን በእጄ እሸፍነዋለሁ» አለና፣ አጎትየው ሲገቡ ጎንበስ ብሎ ጉልበት የሚስምበትን ነገር በባዶ ወንበር ፊት ይለማመድ ጀመር። አንዴ ጎንበስ አለ፤ ደህና ነው። ሁለተኛ፣ አክብሮቱን ጨመር አድርጎ ዝቅ ሲል፣ ጧ! ጂንሱ ከመቀመጫው እስከ ጭኑ ተተረተረ።

ሌላው ሱሪው ታጥቦ ገመድ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። እንዳይዋስ፣ በሰፈሩ እሱን የሚያህል ረጅም የለም። «በእጁ ለምን አይሰፋውም?» ትሉኝ ይሆናል። ሞክሯል እንጂ! ሁለት መርፌ ሰበረና ሦስተኛዋን እናቱ ደበቀችበት። በመጨረሻ ጋቢውን ከወገቡ በታች አገልድሞ፣ ጂንሱን ብብቱ ስር ወሽቆ ልብስ ሰፊው ጋሽ ምትኩ ዘንድ ሮጠ።

«ጋሼ፣ በሞቴ! ጂንሴን ይስፉልኝ። የእናንዬ አጎት እየመጡ ነው!»

«ኧረ እኔስ ደስ እያለኝ! ግን የስፌት መኪናዬን የሚያዞረው ጠፍር ተበጥሷል። ጠፍር አምጣልኝ፣ እዚሁ ቁመህ ትወስደዋለህ» አሉት።

ጠፍር ከሌለ መኪና የለም፤ መኪና ከሌለ ጂንስ የለም፤ ጂንስ ከሌለ እናንዬ የለችም። ዳምጤ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ወደ ጫማ ሰፊው ወደ አያ ልየው በረረ።

«አያ ልየው፣ የጋሽ ምትኩ መኪና ቆማብኛለች። አንዲት ጠፍር ቁረጥልኝ!»

«ቆዳውስ ሞልቷል፤ ይኸውልህ። መቁረጫ ነው ያጣሁት። ቢላዬ ጎብጦ ቀጥቃጩ ዘንድ ነው ያለው። ካልሆነ እንካ፣ በጥርስህ ሞክረው» አለው አያ ልየው።

ጭንቅ ነውና ሞከረው። ቆዳው ንቅንቅ አላለም፤ ጥርሱ ግን ትንሽ ተነቃነቀ።

ቢላ ከሌለ ጠፍር የለም፤ ጠፍር ከሌለ መኪና የለም፤ መኪና ከሌለ ጂንስ የለም፤ ጂንስ ከሌለ እናንዬ የለችም። ፀሐይዋ ወደ አናት እየወጣች ነው። ዳምጤ ወደ ቀጥቃጩ ወደ ሻረው ሲሮጥ የጋቢው ጫፍ ሁለቴ ጠልፎ ሊጥለው ነበር።

ሻረው እጁን አጣምሮ፣ በቀዘቀዘ ምድጃ ፊት ተቀምጧል።

«ሻረው ወንድሜ፣ የአያ ልየውን ቢላ ቶሎ አቅናልኝ!»

«ቢላ እሳት ካላየ አይቀናም፤ እሳት ደግሞ ያለ ከሰል አይነድም። እትዬ ጠጅነሽ በማለዳ አመጣልሃለሁ ብላኝ ይኸው ቀረች። ድልድዩ ላይ ቆማለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን ረጋ በል እንጂ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!»

«እኔ የማፈሰው ነገር መቼ ኖሮኝ!» አለ ዳምጤ፤ እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው።

ከሰል ከሌለ እሳት የለም፤ እሳት ከሌለ ቢላ የለም፤ ቢላ ከሌለ ጠፍር የለም፤ ጠፍር ከሌለ መኪና የለም፤ መኪና ከሌለ ጂንስ የለም፤ ጂንስ ከሌለ እናንዬ የለችም። ይህንኑ እንደ ዳዊት እየደገመ ወደ ድልድዩ ወረደ።

ድልድዩ ላይ ጉድ ፈልቷል። የእትዬ ጠጅነሽ አህያ ከሰሏን እንደተጫነች መሃል መንገድ ላይ ተኝታለች። አንዱ በዱላ ይላታል፤ አንዱ ጆሮዋን ይጎትታል፤ ሌላው ይሳደባል። አህያዋ ወይ ፍንክች! ከኋላዋ ደግሞ የስድስት ሰዓቱ አውቶብስ ቆሞ ጡሩምባውን ያንባርቃል።

ዳምጤ ቀና ብሎ አውቶብሱን ሲያይ ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። እናንዬ፣ «አጎቴን በጥቁር ባርኔጣቸው ታውቃቸዋለህ፤ የፊት ወንበር ካልተሰጣቸው አይሳፈሩም» ብላው ነበር። የፊት ወንበር ላይ ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ በመስታወቱ አሻግረው ያያሉ።

«እትዬ ጠጅነሽ፣ ምነው አህያሽ?»

«አልነሳም አለች፣ ልጄ! ለመንኳት፣ መታኋት፣ ምን ላድርጋት?»

አህያዋ ካልተነሳች ከሰል የለም፤ ከሰል ከሌለ እሳት የለም፤ እሳት ከሌለ ቢላ የለም፤ ቢላ ከሌለ ጠፍር የለም፤ ጠፍር ከሌለ መኪና የለም፤ መኪና ከሌለ ጂንስ የለም፤ ጂንስ ከሌለ እናንዬ የለችም። ብትነሳስ? ብትነሳ አውቶብሱ ያልፋል፤ አጎትየውም ጂንሱ ሳይሰፋ ቤት ይደርሳሉ። ዳምጤ እንዲህ ያለ ጣጣ ገጥሞት አያውቅም።

አጠገቧ ቁጢጥ አለና ጭነቱን ከፍ አድርጎ አየ። ጀርባዋ ላይ የሚደላደለው ኩርታኗ ተቀዷል። በቀዳዳው በኩል የወጣ እንጨት ጀርባዋን ወግቶ አቁስሏታል። ያ ሁሉ ሰው ሲመታት ከጭነቱ ስር ያየላት አልነበረም።

«አይ አንቺ! ለካ ያንቺም ተቀዷል» አላት። አንጀቱን በላችው።

የሚለሰልስላት ነገር ፈለገ። ብብቱ ስር ያለው ጂንስ ለቁስል ይሻክራል። ያለው ጋቢው ብቻ ነው። ወደ ጥቁሩ ባርኔጣ ሰረቅ አድርጎ አየ። ከዚያ የተቀደደውን ጂንስ ከጋቢው ስር እንደምንም አጠለቀና ጋቢውን ፈታው። እንጨቱን ነቀለ፤ ጋቢውን አጣጥፎ ጀርባዋ ላይ አነጠፈላት፤ ጭነቱን መልሶ አስተካከለ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ቀይ ቁምጣው በቀዳዳው ወለል ብሎ ይታይ ነበር። አውቶብሱ በሳቅ ፈረሰ። ዳምጤ መሬት ብትከፈት ሰተት ብሎ በገባባት።

አህያዋ ግን ጆሮዋን አራገበች፤ ብድግ አለች።

አህያዋ ተነሳች፣ ከሰሉ መጣ፤ ከሰሉ መጣ፣ እሳቱ ነደደ፤ እሳቱ ነደደ፣ ቢላው ቀና፤ ቢላው ቀና፣ ጠፍሩ ተቆረጠ፤ ጠፍሩ ተቆረጠ፣ መኪናዋ ዞረች! ዳምጤ እዚያ ድረስ መቀመጫውን በእጁ ሸፍኖ፣ ሰው ሲያይ የኋሊት እየሄደ ደረሰ። ጋሽ ምትኩ መጋረጃ ጀርባ አቆሙትና ቀዳዳውን ሁሉ ከውስጥ እራፊ ደርበው፣ በላዩ መኪናቸውን ደጋግመው ነዱበት። «ከእንግዲህ ሌላው ይቀደዳል እንጂ እዚህ ጋ አይቀደድም» አሉት።

ቤት ሲደርስ አቶ ቢያድግልኝ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ያ ወንበር! እናቱ የምታወራው አልቆባት ስለ ዝናቡ ለሦስተኛ ጊዜ እያነሳች ነበር። ዳምጤ ቀረበ፤ ጎንበስ አለ። እናቱ ዓይኗን ጨፈነች። ዝቅ አለ፤ አሁንም ዝቅ አለ። ጂንሱ ያዘ። የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ።

አቶ ቢያድግልኝ ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። ጂንሱን አንዴም አላዩትም።

«ጋቢህስ?» አሉት።

ዳምጤን ላብ አጠመቀው። «ጋቢዬ... አህያ ላይ ነው፣ አባባ።»

«አይቻለሁ። ያ ሁሉ ሰው ዱላ ሲያነሳባት አንተ ጀርባዋን አየህላት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ለሰው አህያ ጋቢውን ያለበሰ ግን ሚስቱን ብርድ ላይ አይጥልም። ልጃችንን ሰጥተንሃል።»

እናቱ እልል አለች። ሽማግሌው ወደ ዳምጤ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «የቀዩን ቁምጣ ነገር ለእናንዬ አልነግራትም» አሉት።

ይኸው፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። የተረፈ ቀዳዳ ካለ በሳቅ ድፈኑልኝ።