የወይዘሮ ድንቅነሽ የአንድ ጠዋት ጓሮ

በዘመነ ማርቆስ፣ መስከረም ከእኩሌታው አለፍ ሲል፣ በወይራ አምባ ከተማ ጎመን በቀለ።

ነገሩ ይኸው ነው። ጎመን በየዓመቱ ይበቅላል፤ ይቀነጠሳል፣ ይቀቀላል፣ ይበላል፣ ይረሳል። የዚያ ዓመቱ ጎመን ግን ከተበላ በኋላም አልተረሳም። ዛሬም ወይራ አምባ ውስጥ አንድ ሰው በተውሶ ካባ ሠርግ ቤት ሲገባ፣ ወይም አዲስ ሹም በመጀመሪያው ሳምንት ለሁሉም እየተነሣ ሰላምታ ሲሰጥ፣ ዳር የተቀመጡ ሽማግሌዎች አፋቸውን በነጠላ ሸፈን አድርገው አንድ አባባል ይባባላሉ። አባባሉን የማያውቅ የለም። ታሪኩን የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው፤ እነሱም የወይዘሮ ድንቅነሽ ዘመድ አጠገባቸው አለመኖሩን ሳያረጋግጡ አያወሩትም።

ወይዘሮ ድንቅነሽ የእህል ነጋዴው የአቶ ዘርጋው ሚስት ነበረች። ቤቷ ወለሉ ሳንቃ ነው፤ ሬዲዮም አለው። ከአጥሩ ወዲያ የዘርጋው ታናሽ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው ምትኩ፣ ከሚስቱ ከትርፌና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። አጥሩ የሸንበቆ ነው። ሸንበቆ ዓይን ባያሳልፍ ጆሮ ያሳልፋል።

ትርፌ የሚጣል ነገር አልነበራትም። እግር የታጠቡበት ውሃ ለጤና አዳሙ፣ ዕቃ የታጠበበት ለጎመኑ፣ አመዱ ለነጭ ሽንኩርቱ ይሄዳል። ያለቀ የመኪና ጎማ ውስጥ ድንች ይበቅላል። ቂጡ የወለቀ ባልዲ የዝኩኒ ችግኝ ታቅፎ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ከምትኩ መቀስ የሚተርፈው ብጥስጣሽ ጨርቅ ቲማቲሙን ከእንጨቱ ጋር ያስራል። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ብቅ ስትል ልጆቹ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ጓሮ ይሮጣሉ፤ አዲስ የፈነዳ የዱባ አበባ ቀድሞ ያየ፣ የዚያን ቀን የድስቱን ጥራጊ የሚጠርግ እሱ ነው። ማታ ጎመን በቂጣ ይቀርባል። ምትኩ «ጎመን በጤና!» ብሎ ይቆርሳል። ከዚያ ሳቅ ይጀመራል።

ወይዘሮ ድንቅነሽን የፈጃት ይህ ሳቅ ነው።

አመሻሽ ላይ በርጩማዋን አጥሩ ሥር አስቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በወይራ አምባ እንደ እሷ ምስር የጠራ ምስር አልነበረም፤ ጠጠሩ ካለቀ ሰንብቷል።

«ሰው በጎመን እንዲህ አይስቅም» ትላለች ለሠራተኛዋ ለዘነቡ። «ከጎመኑ ሥር ሥጋ አለ።»

«ኧረ እትዬ፣ ቅቤም የላቸው።»

«ታዲያ በምንድነው የሚስቁት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ በአፋቸው ይሆናል።»

በእሷ ቤት ሥጋ አይጠፋም። ዘርጋው በዝምታ በልቶ፣ የሬዲዮኑን ሰዓት ከክንድ ሰዓቱ ጋር አስተያይቶ ይተኛል። አንድ ማታ ትርፌ በሰሃን ጎመን ላከችላቸው። ዘርጋው ጥብሱን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ጎመኑን ጨረሰና ጣቱን እየላሰ፣ «ይቺ ልጅ ምን ትጨምርበታለች?» አለ።

«ረሃብ» አለች ድንቅነሽ። «ረሃብ ነው የምትጨምርበት።»

ዘርጋው ሰሃኑን በእንጀራ ጠረገው። ጥብሱ ወደ ጓዳ ተመለሰ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ በቆሽቷ ይዛው በኖረች ነበር። ግን የሁለቱ ወንድማማች አባት፣ አባባ ሞላልኝ፣ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ገጠር ብቻቸውን ሆኑ። በየመስከረሙ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ሲመጡ ስልቻቸውን በዘርጋው ቤት፣ ራሳቸውን በትርፌ ጓሮ ያስቀምጣሉ። ድንቅነሽ በግ አሳርዳ፣ «ሥጋው ቀዘቀዘ በሉልኝ» ብላ ስትልክ፣ «ጎመኑ አልቀዘቀዘም በሏት» የሚል መልስ ይመጣል።

በዚያ ዓመት ደግሞ፣ «ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፤ ከእንግዲህ ከአንዱ ልጄ ቤት እቀመጣለሁ። ከየትኛው እንደሆነ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሰው ባለበት እናገራለሁ» ብለው ላኩ። አባት የታላቁን ልጅ ቤት አልፎ ከታናሹ ቤት ቢቀመጥ ለታላቁ ሚስት ምን ማለት እንደሆነ ወይራ አምባ ያውቃል። ወይራ አምባ ደግሞ የሚያውቀውን በሆዱ አያሳድርም። ድንቅነሽ ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ከኋላዋ የሚባለውን ገና ካሁኑ ሰማችው፦ «ሳንቃ ወለል ላይ አማቷን ማስቀመጥ ያቃታት ያቺትና።»

ነሐሴ ላይ በድብቅ የጎመን ዘር በትና ነበር። ዶሮዎቿ ጠገቡ። አባባ ሞላልኝ በሚገቡበት ቅዳሜ ጓሮዋ ውስጥ የዘርጋው አሮጌ ጆንያ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

«እትዬ፣ ጎመን በአንድ ሌሊት አይበቅልም እኮ» አለች ዘነቡ።

ድንቅነሽ አሰብ አደረገች። «ጉሊት ላይ በቅሎ የለም?»

ዘነቡ ከጉሊት የተረፈውን እስር ሁሉ ሰብስባ መጣች። ውሃ ውስጥ ነክረው አሳደሩት። አባባ ሞላልኝ ለዓይን ያዝ ካደረገ በኋላ ስለገቡ ጓሮውን አላዩም፤ ከልጃቸው ጋር ጥቂት ተጫውተው ተኙ። እሑድ ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው ጎመን ይሰኩ ነበር። ዘነቡ በእንጨት ትወጋለች፤ ድንቅነሽ ትሰካለች፤ ዘነቡ በተረከዟ ትጠቀጥቃለች።

«ሥር የለውም እኮ እትዬ።»

«ሥሩን ማን ያያል?»

መጨረሻ ላይ ወገባቸው ሲዝል ሳይፈቱ እስሩን እንዳለ ተከሉት። እንዲያውም ጥቅጥቅ ብሎ አማረ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዶቹ ተሰበሰቡ፤ የነፍስ አባታቸው መምሬ አጥናፉ፣ የላይ ሰፈሩ ጋሽ እንዳለ፣ ምትኩና ትርፌ ከነልጆቻቸው። ድንቅነሽ ምግቡን ሆን ብላ ጓሮ በኩል ባለው በረንዳ አቀረበች። ጠሉ ገና ቅጠሉ ላይ ነው፤ የቤቱ ጥላ ጓሮውን አልለቀቀውም። ጎመኑ በመስመር ቆሞ ያብለጨልጫል። ከትርፌ ጎመን ይልቅ ያምራል፤ አንድም ቅጠሉን ትል አልበላውም።

አባባ ሞላልኝ በምርኩዛቸው ቆሙ። «ይኸ የማነው?»

«የኛ ነዋ፣ አባባ።»

«አምና አልነበረም።»

«አምናም ነበር፤ እርስዎ ከወዲያኛው ጓሮ አልወጡም እንጂ።»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሻሹ። መምሬ አጥናፉ ቀና ብለው፣ «ሰኔ ላይ ጠበል የረጨሁት እዚሁ ላይ አልነበረም?» አሉ። ያስታወሰ የለም፤ የካደም የለም። ጋሽ እንዳለ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ዘሩ የኔ ነው። የኔ ዘር በቅጠሉ ስፋት ያስታውቃል» አለ። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ በጓሮ በር ወጥቶ የማያውቀው ዘርጋው ደግሞ ወገቡን ያዝ አድርጎ፣ «ቁፋሮው ነው የጎዳኝ» አለ። ድንቅነሽ ባሏን አየችው። ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ያህል ወዳው አታውቅም።

ትርፌ ወደ ጓሮው ወረድ ብላ አንዱን ቅጠል ያዘች። ከሚገባው በላይ አየችው።

«እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ» አለች ቀና ብላ። «የኔን አስናቀው።»

«ከናንተው ተምሬ ነው፣ ትርፍዬ» አለች ድንቅነሽ። ያንን አስተያየት ቅናት ነው ብላ አሰበችው። ስትመኘው የኖረችው ነገር ነበርና፣ ገና ሳትቀምስ ጠገበች።

ተበላ፣ ተጠጣ። ፀሐይዋ በጣሪያው ላይ ተሻግራ ጓሮው ውስጥ ገባች። የመስከረም ፀሐይ፣ ዝናብ ያጠባት፣ የምትናደፍ።

መጀመሪያ ዳር ላይ ያለችው አንዷ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ቀጥሎ ጎረቤቷ። ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ፣ ስግደት እንደታዘዘ ምእመን፣ መስመር በመስመር ወደ ምድር ጎነበሱ። መምሬ አጥናፉ የያዙትን አጥንት ይመረምሩ ጀመር። ጋሽ እንዳለ ማንም ሳይጠይቀው ስለ በግ ገበያ አወራ። ዘርጋው በርጩማውን አዙሮ ለጓሮው ጀርባውን ሰጠ። ጎመኑ የድንቅነሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱ ደፍሮ «ምን ሆነ?» ባለ ነበር። አሁን ግን የጠበልም፣ የዘርም፣ የወገብም ጎመን ሆኗል።

«ልጄ» አሉ አባባ ሞላልኝ፣ «ጎመኑን ምን ነካው?»

«ልማዱ ነው፣ አባባ። ቀን ቀን ይተኛል።»

«ማታ ይነሣል?»

«ይነሣል።»

«እንደ ዘበኛ» አሉ ሽማግሌው።

ትርፌ ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለችም። የእጅ መታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ አንሥታ ወረደች። «ውሃ ጠምቶት ነው፤ እኔም ጋ እንዲህ ያደርገዋል።»

«ተይው ትርፌ!» ድንቅነሽ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ተይው አልኩሽ!»

«ግዴለም እትዬ፣ ትንሽ ቢቀምስ ይነቃል» አለች፤ ልታድናት ነበር። ጥቅጥቅ ያለውን መርጣ ሥሩ ላይ አፈሰሰችበት። ጠዋት የተጠቀጠቀው አፈር ውሃውን ጠጥቶ ሸሸ። ነዶው ዘንበል አለ፤ ተጋደመ። ግንዱ በቢላ እኩል የተቆረጠ ነው። ወገቡ ላይ ቀይ ክር ዞሮበታል፤ ክሩ በልብስ ሰፊ አስተሳሰር ተቋጥሯል።

ወይራ አምባ ውስጥ ጎመን በልብስ ሰፊ ክር የሚያስር ቤት አንድ ብቻ ነው።

የድንቅነሽ ጓሮ ከጉሊት መምጣቱን ሁሉም አየ። የጉሊቱ ጎመን ደግሞ፣ «ለልጆቼም አልበቃኝ» እያለች ለዘመድ ከምትምለው ከትርፌ ቤት መውጣቱን አየ። የሞላልኝ ምራት ጎመን ታስቸረችራለች ለማለት ማንም አልደፈረም፤ ምትኩ ግን ጫማውን ተመለከተ። ትርፌ ባዶውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆመች። መምሬ አጥናፉ፣ «ጠበሉንስ የረጨሁት ለካ ሌላ ቤት ኖሯል» ብለው አጉረመረሙ። የዘርጋውም ወገብ ቀና አለ።

አባባ ሞላልኝ በምርኩዛቸው ተደግፈው ወደ ጓሮው ወረዱ፤ እስሩን አንሥተው አፈሩን አራገፉ።

«እኔኮ ትናንት ማታ ለዘርጋው ነግሬው ነበር» አሉ። «የምቀመጠው እዚህ ነው ብዬ። ሳንቃው ለጉልበቴ ይስማማዋል።»

ድንቅነሽ ወደ ባሏ ዞረች።

«ሲነጋ ልነግርሽ ነበር» አለ ዘርጋው። «አልጋው ላይ አጣሁሽ።»

ከዚያም ወደ ሽማግሌው አንድ እርምጃ ቀረበች። «አሁንስ፣ አባባ?»

«አሁንም ቃሌን አላጥፍም፤ ማደሪያዬ እዚሁ ነው።» እስሩን ለዘነቡ ሰጧት። «ይኸ ይቀቀል፤ ድስት ሥር አይጠይቅም። ውሎዬ ግን ከወዲያ ነው። ነይ ትርፌ፣ የገበያሽን መደብ አሳዪኝ፤ ለኛም ይትረፍ እንጂ።»

ትርፌ ሳታስበው ሳቀች፤ ምትኩም ሳቀ፤ ልጆቹም። ያ ሳቅ፣ አሁን በሸንበቆ እንኳ ሳይጋረድ፣ በድንቅነሽ ፊት አልፎ ወደ አጥሩ ሄደ። እሷ እንግዶቿ መሐል፣ ያልተነካ ሥጋ የሞላ ትሪ ይዛ ቆማ ቀረች። ሽማግሌው የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው፣ የተጋደሙትን መስመሮች እንዳይረግጡ እየተጠነቀቁ ተሻገሩ፤ አጥሩ ዘንድ ሲደርሱም፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ ለጎመኑ እንደሚናገር ሰው፣ «የተሰካ ጎመን፣ ውበቱ እስኪረፍድ» አሉ።