ምሳዋን ለአያ ጅቦ የሰጠችው ግልገል

ተረት ተረት! … ምነው ዝም አላችሁ? «የላም በረት» በሉ እንጂ! አፋችሁ ውስጥ ከረሜላ አለ መሰለኝ። ዋጡትና ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ልጆቻቸውን ዋርካ ሥር በሚያስተምሩበት ዘመን፣ አንዲት ግልገል ነበረች። እናቷ እመት ፍየል በየማለዳው ጎመኑን ከድንች፣ ምስሩን ከካሮት አሰናድታ ምሳ ዕቃዋን ትሞላላታለች። «ጥርግ አድርገሽ ብዪ ልጄ፤ ስትመለሺ ወንዝ ትዘያለሽ» ትላታለች።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደግሞ አያ ጅቦ ከረሜላ ይዞ ይቀመጣል። ጅብን ማን ከረሜላ ሻጭ አደረገው? እኔም እሱኑ እላለሁ!

«ነይ የኔ ቆንጆ፤ ምሳሽን ስጪኝና ከረሜላ ውሰጂ» አላት።

«ኧረ ተይ!» አለ ምሳ ዕቃው።

«ዝም በል፣ አንተ ቆርቆሮ!» አለችው። ሰጠች።

በማግስቱም «ኧረ ተይ!» አላት። «ዝም በል!» አለችው። ሰጠች።

በሦስተኛውም ቀን ሰጠች። ያን ቀን ግን ጉልበቷ ከዳት። ልጆቹ ሲቦርቁ እሷ ዋርካውን ተደግፋ ቀረች።

ምሳ ዕቃው አላስቻለውም። «አያ ጅቦ እኔን እየላሰ ምን አለ መሰለሽ? ‹ዛሬ ወንዙን መዝለል ያቅታታል፤ እዚያው እበላታለሁ› አለ።»

ግልገሊት አለቀሰች። «ወይኔ እናቴ! ምን ልብላ? አንተም ባዶ ነህ!»

ጥጃ፣ ውርንጭላና ጫጩት ልቅሶዋን ሰምተው ምሳቸውን ይዘው መጡ። ጥጃ የሽምብራ ንፍሮ አጎረሳት። «በቃኝ፣ አፈርኩ» አለች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ብሎ ውርንጭላ ጎመን ደገማት። ጫጩትም በትንሿ ክንፏ ድንች ሠለሰቻት። ጉርሻ መቼም እምቢ አይባል፤ በላች፣ ውሃ ጠጣች፣ ነፍሷ ተመለሰች።

ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ አያ ጅቦ ወንዙ ዳር አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ግልገሊት ተንደርድራ በአናቱ ላይ ዘለለችና ማዶ አረፈች። እሱ ሊይዛት ሲዘል ወንዙ ውስጥ ዘጭ! ውሃው ጠራርጎ ወሰደው፤ ከነከረሜላው።

ጥጃና ውርንጭላም ጫጩትን አዝለው ዘለው ሲሻገሩ፣ ጓደኞቿን አንድ በአንድ አቀፈቻቸው። «እናንተ ባትኖሩ እኔም ዛሬ አልነበርኩም። ክፉ አይንካችሁ!»

ቤቷ ገብታም የሆነውን ሁሉ ለእናቷ ነገረቻት። እመት ፍየል ደንግጣ ደረቷን መታች፤ ከዚያ ስማ ስማ አልጠገበቻትም።

«እማዬ፣ ምሳሽን ንቄ ነበር» አለች ግልገሊት እያለቀሰች። «እጅሽ ይባረክ። ኑሪልኝ።»

አያችሁ ልጆች? ምሳውን ለጅብ የሰጠ፣ ለጅብ እራት ይሆናል። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በንፍሮ አብሱ!