ሐጂ ሱሩር ጉድጓዳቸውን የቆለፉበት ጁምዓ

በሻዕባን ወር መጨረሻ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሐጂ ሱሩር በግቢያቸው ያለውን የውሃ ጉድጓድ ከድነው ቆለፉት። ረመዳን ሊገባ የቀሩት ጥቂት ቀናት ነበሩ። ከተማዋ አሮጌ ናት፤ ያኔ ቧንቧ አልገባባትም። ጉድጓዱን አባታቸው አስቆፍረው ለሰፈሩ ሰደቃ ጃሪያ፣ ከሞት በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት፣ አድርገውት ነው የሞቱት። ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠጣውም፣ ለሶላት ታጥቦ ዉዱእ የሚያደርገውም ከዚያ ነበር።

በዚያ ከተማ እንስራ በወይራ ሳይታጠን ውሃ አይቀዳበትም። ስለዚህ ሰዉ የሚያሸተው ወይራውን እንጂ ውሃውን አልነበረም። ሐጂ ሱሩር ግን በዚያ ሳምንት ለቀትሩ ሶላት፣ ለዙህር፣ ሲሰናዱ ከባልዲው በቀጥታ ተጉመጠመጡ፤ ውሃው የገማ እንቁላል ሸተታቸው። በሰፈሩ ልጆችን ተቅማጥ ይዟቸው ሰንብቷል። ናሙና ቀድተው ጤና ጣቢያ ወሰዱ። ባለሙያው ከዓይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ አገኘበት።

የተቆለፈውን ክዳን አይቶ ሰው ተሰበሰበ።

«ሐጂ፣ ወይራ ጨመር አድርጎ ማጠን ነው እንጂ፣ ለሽታ ተብሎ ጉድጓድ ይዘጋል?» አለ ጎረቤታቸው ሙነወር።

«ጭስ አፍንጫን ያታልላል፤ ሆድን አያታልልም። በነጃሳ የሸተተ ውሃ ደግሞ ለዉዱእ አይሆንም።»

«ነጃሳው ከየት መጣ ታዲያ?»

«ውሃው ያለው በግቢዬ ነው። አላህ ፊት የምጠየቅበትም እኔ ነኝ።»

ሰዉ የራሳቸው ሽንት ቤት ነው ብሎ ደመደመ። አጥር የምትጋራቸው፣ ባሏ ሞቶባት ሳምቡሳ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት ባልቴት ከሁሉ ይበልጥ ተቆጣች፤ ትንሹ ልጇ ታሞ ተኝቷል።

«መካ ድረስ ሄደው መጥተው፣ ጓሮዎን ማየት አቃተዎት?» አለቻቸው በሰው ፊት።

«ልጁ ተሻለው ወይ፣ ልጄ?» አሉ ሐጂው።

ግንበኛው ከድር ውሃውን ቀድቶ ጨረሰ፣ ድንጋዩን ፈገፈገ፣ ክሎሪን ጨመረበት። የሐጂው ሽንት ቤት ተደፈነ። «ሠራተኛ ከገባ አይቀር» ብለው የባልቴቷንም አስደፈኑና፣ ከግቢዋ ታችኛው ጥግ አዲስ አስቆፈሩላት። ምርመራው ንጹሕ ነው እስኪል ድረስ ከተራራው ምንጭ በአህያ እያስጫኑ ለሰፈሩ ውሃ አደሉ። ጉድጓዱ የተከፈተው ረመዳን ከተጋመሰ በኋላ ነው። ያም ሆኖ «ጓሮውን ከጉድጓዱ ያጋባ ሐጂ» የሚለው ቀልድ ከመስጊዱ ደጃፍ ለብዙ ጊዜ አልጠፋም። ሐጂውም ሰምተው ያልፉ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ለቧንቧ ቦይ ተቆፈረ። በሐጂው ሽንት ቤት በኩል አፈሩ ደረቅና ቀይ ነበር፤ ቦታውም ከጉድጓዱ በታች ነው። ከባልቴቷ አሮጌ ሽንት ቤት እስከ ጉድጓዱ ድረስ ግን አፈሩ ጠቁሯል። እኔም የሰፈሩ ሰው ነኝና ግንበኛውን ከድርን ጠየቅሁት። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ፍሳሹ በየት በኩል እንደሚገባ ያኔውኑ አይቶ ለሐጂው ነግሯቸው ነበር። እሳቸውም እንዲህ አሉት፦

«የውሃው ነውር ይነገር፤ የሴትዮዋ ይሸፈን። ስሟ ከተነሳ ሳምቡሳዋን ማን ይገዛታል?»

ሁለቱን ነገሮች አንድ የምናደርግ ብዙ ነን። የውሃውን መበከል ደብቀው ቢሆን ኖሮ አማናን፣ የተጣለባቸውን አደራ፣ በበሉ ነበር፤ ሰው ይታመምበታልና። ሳታውቅ ያጠፋችን ሴት ስም መሸፈን ግን፣ ጥፋቱ እስከ ታረመ ድረስ፣ ከሸፋኙ በቀር ማንንም አይጎዳም። ሐጂው ያንን ጉዳት ለራሳቸው ወሰዱት። ስለዚህ እኔም ስሟን አልጻፍኩም።

ባልቴቷ የጠቆረውን አፈር ቦዩ ዳር ቆማ አየችው። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ የምትላቸው ሐጂ ሱሩር ግን ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር።