ያልተቆጠረው ቀፎ

በቀጨሞ አገር ዕቃ የጠፋበት ሰው ቸኩሎ ቤተሰቡን ወይም ጎረቤቱን ሲጠረጥር፣ ከሽማግሎቹ አንዱ አራት ቃል ያላት ምሳሌ ጣል ያደርግበትና አፉን ያስይዘዋል። ዛሬ ዛሬ ክራባት ያሰረውም በየስብሰባው ይጠቀምባታል፤ ከየት እንደ መጣች ቢጠይቁት ግን ጉሮሮውን ይጠርጋል እንጂ አያውቅም። የመጣችው ከአንድ የንብ ዳስና ከአንድ እፍኝ ባቄላ ነው።

ቢያዝን የሚባል ባለንብ ነበረ። በዚያ አገር ንብ አይቆጠርም። ቀፎ ላይ ጣቱን ቀስሮ አንድ፣ ሁለት ያለ ሰው ንቡን በእጁ እንዳባረረ ይታያል፤ አውራዋ ቅር ይላታል፣ ሕዝቧን ይዛ ትኮበልላለች ይላሉ። ስለዚህ ቢያዝን ቀፎዎቹን በስም እንጂ በቁጥር አያውቃቸውም። አንዱ «ቁጡ» ነው፣ አንዱ «የአማቴ ስጦታ»፣ በእበት አብዝቶ የተለሰነው ደግሞ «አመዴ»። ከአባቱ የወረሰው ሥርዓት አንድ ነው፤ ቀፎ የሚደረደርበት የእንጨት ቆጥ ሰባት ከያዘ ስምንተኛ አይጫንበትም፣ ሌላ ቆጥ ይሠራል። ስንት ናቸው ላለው ሁሉ «የእግዜር ናቸው» ብሎ ይመልሳል። ለራሱም ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረውም።

ታዲያ አንድ መስከረም፣ በረቡዕ ቀን፣ ቢያዝን እንደ ልማዱ ቀፎዎቹን ሊያዳምጥ ወደ ዳሱ ገባ። በየሳምንቱ ረቡዕ ረቡዕ እያንዳንዱን በጣቱ አንጓ መታ ያደርግና ጆሮውን ይለጥፋል። ሌሎቹ ሁሉ እሺ ብለው አጉረመረሙለት። አመዴ ዝም አለ። ደግሞ መታው። ውስጡ ሰው እንደ ለቀቀው ቤት ነው።

ፊቱን አጥቁሮ ሲወጣ ሚስቱ ነገሩን አባሰችው። «እኔስ ፈርቼ ነበር። ይታክቱ ሰኞ ለት የቀፎውን ቁጥር ክፍል ውስጥ ተናገረች አሉ። የእነ ጓንጉል ልጆች ናቸው ያወሩት።»

ይታክቱ የመጨረሻ ልጁ ናት፣ ሁለተኛ ክፍል የገባች። ቢያዝን ቁርሱን አልነካም።

«ብዬ ነበር። ያ ግቢ ለኔ ቤት በጎ አያመጣም ብዬ ነበር። በቃ፣ ዛሬ ከነደብተሯ ይዣት እመለሳለሁ። ከነገ ጀምሮ ጥጃ ትጠብቃለች።»

ክስ ያለ እማኝ አይሆንምና በመንገዱ አያ ካሴን ጠርቶ አስከተለ። አያ ካሴ ዳኝነት የማያልቅባቸው ሽማግሌ ናቸው።

ቢያዝን ያንን ትምህርት ቤት ሲረግጥ ጉልበቱን ያመዋል። በልጅነቱ እዚያው ተምሯል። የማባዛት ሠንጠረዥ እንደ ዳዊት ካልወረድኸው ተብሎ ፀሐይ ላይ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ ውሏል፤ በማግስቱ አልተመለሰም። ያን ቀን የሳቁበት ልጆች ዛሬ ወረዳ ቢሮ ተቀምጠው ጉዳይ ይዞ ሲሄድ «ነገ ና» ይሉታል። እሱ አንዳቸውንም አልረሳም።

የክፍሉን በር ገፋ ሲያደርግ ግን ያሰበውን አላገኘም። አለንጋ የለም፤ የሚያነበንብም የለም። ልጆቹ መሬት ላይ በቡድን በቡድን ተቀምጠው ባቄላ ይደረድራሉ። መምህርቷ አንጓች፣ ገና ወጣት ናት፣ ከመካከላቸው ብድግ አለች።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ቢያዝን።»

«ደህና አላደርሁም። ልጄን ስጪኝ። ቀፎዬን አስቆጥረሽ ንቤን አባረርሽው።»

«እኔ ቀፎ ቁጠሩ አላልሁም። በቤታችሁ እኩል እኩል የተደረደረ ነገር ፈልጉና፣ አንድ በአንድ ሳትቆጥሩ ስንት እንደ ሆነ ድረሱበት ነው ያልሁት።»

«ሳይቆጠር ቁጥር ከየት ይመጣል? እንደ ጠል ከሰማይ ይወርዳል?»

አያ ካሴ ከዘራቸውን በመካከል አገቡ። «ቆይ፣ ተከሳሿ ትናገር። ይታክቱ፣ ቀፎው ላይ ጣትሽን ቀስረሻል?»

«አልቀሰርሁም። አባቴ ይሙት።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ አባቷ እዚያው ቆሟልና።

«እኔን አትግደይኝ» አለ ቢያዝን። «ያደረግሽውን አሳዪኝ።»

ልጅቱ እፍኝ ባቄላ ይዛ ተንበረከከች። ማንም አላዘዛትም፤ ባቄላው መሬት ላይ ስለሆነ ነው።

«አንድ ቆጥ ሰባት ይይዛል። አንተ ሁልጊዜ የምትለው ነው።» ሰባት ባቄላ በመስመር አኖረች። «ቆጡ ደግሞ አራት ነው። እንጨት መቁጠር ነውር አይደለም።» ከመጀመሪያው ሥር ሌላ መስመር፣ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ አደረገች።

ቢያዝን ቁልቁል ሲያይ ዳሱን አየ። የአባቱ ዳስ፣ የራሱ ላብ፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ እንደ ሰሌዳ ይታያል። ጭልፊት ከላይ ሆና የምታየው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አሰበ።

ይታክቱ መዳፏን በታችኞቹ ሁለት መስመሮች ላይ ጋረደች። «ሰባትና ሰባት አሥራ አራት። እነዚህን ካወቅሁ የታችኞቹን ሁለት ምን አለፋኝ? ወንድማማች ናቸው፣ እነሱም አሥራ አራት ናቸው። አሥራ አራትና አሥራ አራት ሃያ ስምንት።»

ቢያዝን ቆቡን አወለቀ። ሰባቱን ያውቅ ነበር፤ አራቱንም ያውቅ ነበር። ሁለቱም ዕድሜውን ሙሉ በአፉ ውስጥ ኖረዋል። አንድ ጣት ሳይቀሰር፣ አንድ ቀፎ ሳይጠራ፣ ከዚህ ጠባብ መዳፍ ሥር ያ ሁሉ ሲወጣ አየ። ያን ቀን ሙሉ ጠጠር ላይ ሲንበረከክ ይህን ያሳየው አልነበረም። ለካ እንዲህ ኖሯል?

ልጅቱ ግን አልጨረሰችም። ከሦስተኛው መስመር አንዲቷን ባቄላ አነሣችና ወደ ጎን አኖረች። «ይህች ስትወጣ ሃያ ሰባት።»

መምህርቷ ግንባሯን ያዘች። «ሰኞም እንዲሁ ብላኝ ነበር። አራት ጊዜ ሰባት ሃያ ስምንት ነው፣ ተሳስተሻል ብዬ ሰረዝሁባት። ለምን እንደ ቀነሰች አልጠየቅኋትም።»

«ለምን ቀነስሽ?» አለ ቢያዝን፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አመዴ ባዶ ነዋ። እሑድ ረድፍ ረድፉን ሳይ፣ አፉ ላይ ሸረሪት አድርታበታለች። ንብ ቢኖርበት ድሩን ይበጥሰው ነበር።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«ስለ ቀፎ ካወራሁ ትቆጣለሃ።»

አያ ካሴ ነገሩን በልባቸው አገላበጡት። «እንግዲህ ልጅቱ አፏን ሳትከፍት ንቡ ሄዷል። ድር በአንድ ሌሊት እንዲያ አይደራም። አንተ ዛሬ የሰማኸውን እሷ እሑድ አይታዋለች። ፍርዱን ራስህ ስጥ።»

ቢያዝን ቀስ ብሎ በሚያመው ጉልበቱ ባቄላው አጠገብ ቁጭ አለ።

«አምስተኛ ቆጥ ብሠራስ?»

«ያው ሰባት ትጨምርበታለህ» አለች ይታክቱ።

ሰባት ባቄላ ከመሬት ለቃቀመ፤ በወፍራም ጣቱ አንድ መስመር አበጀ። ከዚያ ብድግ አለ።

«ጥጃውን እኔ እጠብቃለሁ» አለ ለመምህርቷ። «እሷ ከዚህ አትነሣ። ይህን ነገር እስከ መጨረሻው ታድርሰው።»

ከግቢው በር ላይ ክሱን ሰምቶ የመጣ ጎረቤት ተሰብስቦ ኖሮ፣ ቢያዝን ልጁን ሳይዝ ሲወጣ ባዩት ጊዜ ግራ ገባቸው። የጓንጉል ሚስት አላስችል ብሏት፣ «ኧረ አያ ካሴ፣ ልጅቱ ቆጥራለች ወይስ አልቆጠረችም?» አለቻቸው።

አያ ካሴ ወደ ክፍሉ በር መለስ ብለው አዩና፣ «አልቆጠረችም፤ እኛ እሷን ስንጠረጥር እሷ ረድፉን አየች። ረድፍ ያወቀ፣ ጎዶሎ ጠየቀ» አሏት።