የካሳው ሰንጋ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አለችው እናቱ።

አንዳርጌ የከተማው ምክር ቤት ተመራጭ ነው። የከተማው ትምባሆ ፋብሪካ ሲጋራው ለገደላቸው ሰዎች በፍርድ ለምክር ቤቱ ካሳ ከፍሏል። ሐኪሞቹ «ልጆች ማጨስ እንዳይጀምሩ ማስተማሪያ ይሁን» ይላሉ፤ ምክር ቤቱ ግን ለሟቾቹ የመታሰቢያ አዳራሽ ሊሠራበት አስቧል። ከሟቾቹ አንዱ የአንዳርጌ አባት ነው። «እማዬ፣ የሞተን ማክበር ምን ክፋት አለው?» ብሎ ነበር የጠየቃት።

አንድ ገበሬ ነበረ። ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ወደ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ዳር አንድ ባለጸጋ አሸዋ እያስቆፈረ ይሸጥ ነበር። ጉድጓዱ ከዓመት ዓመት ወደ መንገዱ እየሰፋ መጣ። አንድ ቀን የገበሬው ትልቋ ልጅ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አፋፉ ተናደባትና ሞተች።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ባለጸጋው «መሬቱ የራሴ ነው፤ ቁፋሮዬን አልተውም። ካሳ በሉኝ፣ እከፍላለሁ» አለ። አንድ ሰንጋ ፈረዱበት። ገበሬውን ደግሞ «ይህን ሸጠህ በመንገዱ በኩል የድንጋይ ካብ አሠራበት። የቀሩት ልጆችህም የሚወርዱት በዚያው ነው» አሉት።

ገበሬው ሰንጋውን እየጎተተ ቤቱ ገባ። ልቡ ግን አላረፈም። የልጁን ደም ሸጠ ይሉኛል፣ ተዝካሯን ሳያወጣ ድንጋይ ይክባል ይሉኛል እያለ ተብሰለሰለ።

ሚስቱ «ካቡስ?» አለችው።

«ካቡ የት ይሄድብኛል? መጀመሪያ ለነፍሷ።»

ሰንጋውን አረደ።

ተዝካሩ አገር ያወራለት ሆነ። ካህናቱ ጸለዩ፣ ድሃው ጠገበ። ባለጸጋውም ከላይ ተቀምጦ ጮማ ቆረጠ። «እንዲህ ያለ ድግስ ለባላባትም አልተደገሰም!» አሉት ገበሬውን። ልጁ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ቀና አለ።

እንግዳው በዛና ውሃ አለቀ። መካከለኛዋ ልጅ ጀሪካን አንሥታ ወረደች። ዝናብ የበላው አፋፍ አልቻላትም።

ጩኸት ሲሰማ ሁሉም እጁን ሳይታጠብ ሮጠ። ባለጸጋው የገበሬውን ትከሻ ይዞ «አይዞህ ወንድሜ፣ የእሷንም እከፍላለሁ» አለው። ቃሉን አላጠፈም። ገበሬው ከቀብር ሲመለስ ሌላ ሰንጋ ደጁ ላይ ታስሮ አገኘ።

እናቱ ተረቱን እዚህ ላይ አቆመች።

«ከዚያስ?» አለ አንዳርጌ። «ይህንንስ ምን አደረገው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ገበሬው እኮ አንተ ነህ፣ ልጄ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳል እያጣደፈው እንኳ ሲጋራ ሲፈልግ ያየሁት እኔ ነኝ። ስሙን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ባየው እኔም ደስ ይለኝ ነበር። የሞቱትን ግን እግዚአብሔር ይዟቸዋል። ጉድጓዱ ሲጋራው ነው፤ ካሳ ተከፈለ ተብሎ አልተደፈነም፣ ዛሬም ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይሸጣል። ሰንጋው ደጅህ ታስሯል። ትንሿም ልጅ ጀሪካኑን አንሥታለች።»