ድንኳኑ እስኪነሳ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም፣ የዘይት መጭመቂያ ፋብሪካ ያለው። ቆይ ሶፋኒት፣ አታቋርጪኝ። የጠየቅሽኝን ሰምቻለሁ፣ አልሸሸሁም። አስተምሬሽ ኢንጂነር ሆነሻል፤ ዛሬ ደግሞ የሥጋ ፋብሪካ ኃላፊ ነሽ። ሰው ሲያወራ ጣልቃ መግባትሽን ግን እስካሁን አልተውሽም። «ጋሼ፣ የማቀዝቀዣው ጋዝ ሲያፈስ የሚጮኸው ማንቂያ በከንቱ እየጮኸ ሠራተኛውን ስላስበረገገብን አጠፋነው። ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል። መሣሪያው ግድግዳው ላይ ስላለ ‹አለ› ብንለው ምን አለበት?» ነው ያልሽኝ። መልሴ ይሄ ነው፣ ስሚኝ።

ሀብታሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ባላወራሁልሽ፤ የክፉ ሰው ነገር ምን ያስተምርሻል? ፋብሪካውን የሠራው ከተማው ዳር፣ ከአንዲት ሴትዮ ግቢ ጋር በአንድ ግንብ ተዋስኖ ነው። ከግንቡ ወዲህ፣ ኑጉን የሚያበስለው እንፋሎት የሚመጣበት ትልቅ ቦይለር ቆሟል። ቦይለሩ አናት ላይ ማስተንፈሻ አለች። እንፋሎቱ ከልክ ሲያልፍ ራሷ ተከፍታ ታስወጣዋለች፤ ስታስወጣው ታዲያ ጩኸቷ ጆሮ ይበሳል። የሰፈሩ ሰው «የሀብታሙ አህያ አናፋች» እያለ ይስቃል። ሠራተኞቹ ግን በሰሟት ቁጥር ሮጠው እሳቱን ይቀንሳሉ። ሴትዮዋም ከግንቡ ወዲያ ሆና ልጇን «ነይ ወዲህ፣ ከዚያ ግንብ ሥር ተነሺ!» ብላ ትጣራለች። ሁሉም እንዲህ ለምዶ ይኖር ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የሴትዮዋ ባል ሞተ። ድንኳን ተተከለ፤ ቦታ ስለጠበበ ከግንቡ ጋር ተጠግቶ። ሰው ከቀብር ተመልሶ ተቀምጦ፣ አልቃሿ የሟቹን ደግነት እያነሳች ሰዉን ስታስለቅስ፣ ማስተንፈሻዋ ጮኸች። ደግሞ እኮ በረጅሙ ነው የጮኸችው። አልቃሿ ልትል ያሰበችው አፏ ላይ ቀረ። ጥግ ላይ የተቀመጡ ጎረምሶች ሳቃቸው አመለጣቸው። ሀብታሙ እዚያው ድንኳን ውስጥ ነጠላውን ዘቅዝቆ ተቀምጧል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ምን ማድረግ ነበረበት? እሳቱን ማጥፋት ነዋ! ድንኳኑ እስኪነሳ ፋብሪካውን መዝጋት። ግን ኑጉ ገብቷል፣ ዘይት የሚረከቡት ነጋዴዎች ደጅ ቆመዋል። ጎረቤቱንም ማክበር ፈለገ፣ ሥራውንም አለማቆም ፈለገ። ወጣና የቦይለሩን ሠራተኛ ጠርቶ፣ «እባክህ ይቺን ነገር ዝም አሰኝልኝ። ሰው ፊት አዋረደችኝ» አለው።

«ጌታዬ፣ እሷ ዝም ካለች እንፋሎቱ በየት ይወጣል?» አለ ሠራተኛው።

«ለጊዜው ነው እንጂ! ድንኳኑ እስኪነሳ። ለቅሶ ቤት አታውቅም እንዴ አንተ?»

ሠራተኛው ምን ይበል? ለቅሶ አያውቅም መባል ለእኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ። መሰላል አምጥቶ ወጣ፤ የማስተንፈሻዋን ክንድ ብረት ጫነበትና በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። ድንኳኑ ውስጥ ጸጥ አለ። ለቀስተኛው «አቤት፣ ሰው አክባሪ!» እያለ ሀብታሙን መረቀው። አልቃሿም ካቋረጠችበት ቀጠለች።

ድንኳኑ ተነሳ። ሠራተኛው መሰላሉን ይዞ ሊፈታት ሲሄድ ሀብታሙ አየው። «ምነው፣ ሴትዮዋ ገና መች በረደላት? እስከ አርባው ታገሥ» አለው። አርባውም ወጣ። በዚያው ሰሞን ሴትዮዋ ራሷ መጥታ፣ «እንቅልፍ ሰጠኸኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሀብታሙን አመሰገነችው። ከዚህ በኋላ ማን ደፍሮ መሰላል ያነሳል? ሠራተኛው ልቡ አላረፈም። ሊናገር ያስብና ይሉኝታ ይይዘዋል። እሳቱን በዓይኔ እጠብቃለሁ አለ፣ ጠበቀም። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ ሽቦው ዛገ። አዲስ የተቀጠረ ሰው ሁሉ ሽቦውን አይቶ ሲጠይቅ «ለጊዜው ነው» ይሉታል፤ እሱም በተራው ለሚቀጥለው እንደዚያው ይላል።

ሞት ይርሳኝ፣ ተቆጣጣሪውን ሳልነግርሽ! ተቆጣጣሪም መጥቶ ነበር። ሐቀኛ ሰው፤ ምሳ ብላ ቢሉት እንኳ እምቢ ያለ። «ማስተንፈሻ አለ?» ብሎ ጠየቀ። «አለ» አሉት። ቀና ብሎ አየ፤ እውነትም አለች። ከታች ሆነው ሲያዩ ሽቦው አይታይም። ፈርሞላቸው ሄደ። ማንም አልዋሸም እኮ ሶፋኒት፤ አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው! መኖሯን ጠየቀ፣ መኖሯን ነገሩት። ትጮኻለች ወይ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ ጠዋት መጭመቂያው ተበላሸና ሠራተኛውን ና አግዘን አሉት። ከቦይለሩ ዞር አለ፤ ብዙም አልቆየም። እሳቱ ሲነድ እንፋሎቱ እየበዛ ሄደ፣ መውጫውም ታስሯል። ሠራተኛው ተመልሶ በሩ ላይ ሲደርስ ቦይለሩ ፈነዳ፤ እሱ እዚያው ቀረ። ግንቡ በሙሉ ወደ ሴትዮዋ ግቢ ተደረመሰ። ልጅቷ ከግንቡ ሥር ልብስ ታጥብ ነበር። እናቷ ጓዳ ነበረች። ያ ጩኸት ቢሰማ እንደ ድሮው «ነይ ወዲህ» ባለቻት ነበር። ምንም አልሰማችም።

ድንኳን እዚያው ቦታ ተተከለ። ግንቡ ስለፈረሰ አሁን ቦታው አልጠበበም። ሀብታሙ መጣ። የመጣ ሰው ሁሉ ጎኑ ላለመቀመጥ ዞር ሲል አየና፣ ከሴትዮዋ ፊት ሄዶ ቆመ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው።

«ያቺ ጯሂ ምን ነካት? ለምን አልጮኸችም?» አለችው።

«ዝም አሰኝቻት ነበር… ለባልሽ ለቅሶ ብዬ። ለጊዜው ነበር እኮ።»

«ድንኳኑ እኮ ተነስቶ ነበር» አለችው። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተችበት ቀን አላናገረችውም።

እንግዲህ ሶፋኒት፣ ሀብታሙ አንቺ ነሽ። ክፉ ስላልሆንሽ ነው ፊት ለፊት የምነግርሽ። እሱ ለቀስተኛ እንዳይታወክ አለ፣ አንቺ ሠራተኛ እንዳይበረግግ አልሽ፤ ሁለታችሁም ለሰው አዝናችሁ ነው የሰውን መዳኛ ያሰራችሁት። በከንቱ ይጮኻል አልሽኝ። በከንቱ ከጮኸ ይጠገናላ! እስኪጠገን ማቀዝቀዣው ይቁም፣ ሥጋው ይበላሽ፣ አለቆችሽም ይቆጡ። ተቆጣጣሪው ነገ መጥቶ «አለ?» ይልሻል፤ «አለ» ብትዪው ፈርሞልሽ ይሄዳል። አንቺ የፈራሽው አልፈርምም እንዳይል ነው። እኔ ደግሞ የምፈራው ፈርሞልሽ እንዳይሄድ ነው።

ምነው፣ ሰዓትሽን አየሽ? የማታ ተረኞች ሊገቡ ነው አይደል? እዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በሩን ከኋላቸው ዘግተው እስኪነጋ ሥጋ የሚሰቅሉት። ሰው የሚያፍነው ጋዝ ቢያፈስ የሚጮኸው ማንቂያ እንደጠፋ ነግረሻቸዋል? አልነገርሻቸውም፤ ፊትሽ ላይ አየዋለሁ።

ምን አለበት ብለሽ አይደል የመጣሽው? ሰው አለበት። በይ ተነሺ፣ ሳይገቡ ድረሺ።